የሃይማኖትን ምንነት ማን ይወስን?

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሻይ ቤት ተሰባስበን ስናወጋ ከመካከላችን አንዱ ያነበበውን አጫወተን። «አሜሪካኖች እኮ ለጠንቋይ ወታደሮቻቸው ሳይቀር የመቃብር ምልክት ፈቅደዋል!» አለ እየሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ያልሳቁት ልጃቸው በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል አንድ አባት ብቻ ነበሩ። «እዚያ አገር እኛንስ በምን ዓይን ነው የሚያዩን?» ብለው ጠየቁና ዝም አሉ። ጥያቄያቸው ከኅሊናዬ ስላልጠፋ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። እምነቱ «ዊካ» ይባላል። «ጥንቆላ» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ነገር ግን በእኛ አገር ጠንቋይ ሲባል ትዝ የሚለን ገንዘብ ተቀብሎ ዕጣ ፈንታ የሚናገር ወይም በሰው ላይ ድግምት የሚያደርግ ነው። ዊካ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ አገር ብቅ ያለ እምነት ነው። የአገሪቱ የጥንቆላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተሻረ በኋላ ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ሠራተኛ በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ አስተዋወቀው። ተከታዮቹ ተፈጥሮን ያከብራሉ፤ አብዛኞቹ አንዲት ሴት አምላክና አንድ ወንድ አምላክ አሉ ብለው ያምናሉ፤ በዓመት ስምንት በዓላት አሏቸው። ሰይጣን ታመልካላችሁ ሲባሉ አጥብቀው ይቃወማሉ። ምልክታቸው በክብ ውስጥ ያለ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነው። (በነገራችን ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ በአሜሪካ ጦር ከፍተኛው ሜዳሊያ ላይም፣ በእኛው ሰንደቅ ዓላማ ሰማያዊ ክብ ውስጥም አለ። በዚያ ማንም አይደነግጥም።)

እንግዲህ ከኢስላም አንፃር ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ ሺርክ ነው፤ በተውሒድ ላይ ድርድር የለንም። ይህን የምጽፈውም እምነታቸውን ለማሳመር አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «ይህ ሃይማኖት ነው፣ ያ ግን አይደለም» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን ለአንድ ሹም ቢሰጥ፣ ነገ በማን ላይ ይፈርዳል?

በ1997 በቴክሳስ በሚገኘው ግዙፉ የፎርት ሁድ ጦር ሰፈር የሚያገለግሉ የዊካ ተከታዮች አምልኳቸውን እንዲፈጽሙ ተፈቀደላቸው። ሁለት ዓመት ያህል ልብ ያላቸው ሰው አልነበረም። በ1999 በኦስቲን ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ሥርዓታቸውን በፎቶግራፍ ሲያወጣ ግን ጩኸቱ ቀለጠ። ቦብ ባር የተባሉ የጆርጂያ ተወካይ ነገሩ እንዲቆም ለጦሩ አዛዦች ጻፉ። አንዳንድ ወግ አጥባቂ የክርስቲያን ድርጅቶች ይህ እስካልቀረ ድረስ ክርስቲያኖች ወታደር እንዳይሆኑ ጥሪ አሰሙ። በዚያን ጊዜ የቴክሳስ ገዥ የነበሩት ጆርጅ ቡሽም በቴሌቪዥን ቀርበው ጥንቆላ ሃይማኖት ነው ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። ፍርድ ቤት ግን ከዚያ 13 ዓመት አስቀድሞ፣ በአንድ የቨርጂኒያ እስረኛ ጉዳይ፣ እስረኛው የፈለጋቸውን ዕቃዎች ባይፈቅድለትም ዊካ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ሃይማኖት መሆኑን ወስኖ ነበር። ጦሩም ለሃይማኖት አገልጋዮቹ ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ዊካን በ1978 አካቶት ነበር። ስለዚህ ጦሩ ፈቃዱን አልሰረዘም።

የመቃብሩ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የአሜሪካ መንግሥት ለሞተ ወታደር የመቃብር ድንጋይ ይሰጣል፤ በድንጋዩም ላይ የሃይማኖቱን ምልክት ያስቀርጽለታል። የተፈቀዱት ምልክቶች በዝርዝር የተያዙ ናቸው። በ2006 ዝርዝሩ 38 ምልክቶች ነበሩት፤ የመስቀል ዓይነቶች፣ የዳዊት ኮከብ፣ የእኛ ጨረቃና ኮከብ፣ የቡዲስቶች ጎማ። አምላክ የለም ለሚሉትም ምልክት ነበራቸው! የዊካ ተከታዮች ለአሥር ዓመት ያህል ቢያመለክቱም መልስ አላገኙም። በአንድ ወቅት ከተጠየቁት ማስረጃዎች አንዱ ከሃይማኖቱ የበላይ መሪ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር፤ እነሱ ደግሞ የበላይ መሪ የላቸውም። እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። እኛስ ፓትርያርክ አለን ወይ? በዓለም ላይ ስላለው ሙስሊም ሁሉ ሆኖ የሚፈርም ማን ነው? ጨረቃና ኮከቡ ዝርዝሩ ውስጥ ቀድሞ ባይገባ ኖሮ እኛም በዚያው ቢሮ በር ላይ በቆምን ነበር።

መስከረም 2005 አፍጋኒስታን ውስጥ ሄሊኮፕተር ተመትቶ ሲወድቅ ከሞቱት አንዱ የዊካ ተከታይ የሆነ የኔቫዳ ብሔራዊ ዘብ ሳጅን ነበር። የአገሩ መንግሥት ሕይወቱን ሲቀበል ስለ ሃይማኖቱ አልጠየቀውም፤ በመታሰቢያው ላይ የሚቀረጸው ምልክት ላይ ሲደርስ ግን እምቢ አለ። በኔቫዳ የወታደሮች መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ የእሱ ቦታ ባዶ ቀረ። ባለቤቱ ባዶውን ቦታ ይዛ ዝም አላለችም፤ ግዛቲቱ በ2006 በራሷ ሥልጣን መታሰቢያውን ከነምልክቱ አሠራችለት። በዚያው ዓመት ኅዳር እሷና ሌሎች የዊካ ተከታዮች የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ከሰሱ። ሚያዝያ 23 ቀን 2007 መንግሥት ታረቀ፤ ኮከቡ 39ኛው ምልክት ሆነ፤ 225 ሺህ ዶላር የጠበቆች ወጪም ተከፈለ። ፕሬዚዳንቱ እኚያው ጆርጅ ቡሽ ነበሩ።

እርግጥ ነው፣ በዚያ ጦር ውስጥ ሌሎችም ተፈትነዋል። አንድ የአየር ኃይል መኰንን የሆነ አይሁዳዊ ቆቡን ለማድረግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1986 በአንድ ድምፅ ብልጫ ተረታ። በማግስቱ ዓመት ምክር ቤቱ ሕጉን ለወጠና ለሁሉም በር ተከፈተ። የመጀመሪያው ሙስሊም የሃይማኖት አገልጋይ ዐብዱረሺድ ሙሐመድ የተሾሙት በ1993 ነው። ሌላው ሙስሊም የሃይማኖት አገልጋይ ጄምስ ዪ ደግሞ በ2003 ጓንታናሞ ካገለገሉ በኋላ ተይዘው 76 ቀን ታሰሩ፤ ክሱ በ2004 ተሰረዘ። በ2017 የጦሩ አዲስ ደንብ የብርጌድ አዛዦች ሒጃብ፣ ጢምና የሲኮች ጥምጣም እንዲፈቅዱ ሥልጣን ሰጠ። በዚህ ደንብ የተጠቀመው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ የጥንት የሰሜን አውሮፓ አማልክትን የሚያመልኩ ወታደሮችም ጢማቸውን ለማሳደግ በዚሁ በር ገብተዋል።

መስከረም 30 ቀን 2025 የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴዝ ኳንቲኮ ላይ ጄኔራሎችን ሰብስበው ጢም ይብቃ አሉ። ሲያፌዙም ጦራችን በኖርዲክ አረማውያን የተሞላ አይደለም አሉ። ስለ ሙስሊም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ይህን ለእኚያ አባት ስነግራቸው «ኖርዲክ አረማዊ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው «የእኔም ልጅ እኮ ጢም አለው» አሉኝ።