ከጆሮሽ ጋር ይግጠም

ልጄ፣ የመጀመሪያ ደሞዝሽን ተቀብለሽ «ጋሼ፣ ጥሩ ሄድፎን የቱ ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ደስ ብሎኛል። አንድ ስም ጠርቼልሽ መገላገል እችል ነበር። ነገር ግን ስሙን ብቻ ይዘሽ ሱቅ ከገባሽ፣ ሌላ ሰው ራስ ላይ ያማረውን ገዝተሽ ትመለሻለሽ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ድምፅ ስቀርጽና ሳስተካክል ኖሬያለሁና የማውቀውን በተራ ልንገርሽ።

1. ላንቺ የሚሆነው ጀርባው ድፍን የሆነው ነው። ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳው ክፍቱ ዓይነት፣ ዜንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414ን ካወጣ ወዲህ ብዙ ወዳጅ አፍርቷል፤ ድምፁ ሰፋ ይላል፣ ጆሮም አያፍንም። ግን የውጭውን ጫጫታ ሁሉ ያስገባል፣ አንቺ የምትሰሚውንም አጠገብሽ ለተቀመጠው ያሰማል። አንቺ ደግሞ ቪዲዮ እያረምሽ የምትሠሪው ሰው በበዛበት ቢሮ ነው፤ የቀረውን ታክሲ ውስጥ ታዳምጫለሽ።

2. ከሁሉም በላይ ይህን ያዢልኝ፦ ድፍን ሄድፎን ላይ ምቾትና የድምፅ ጥራት አንድ ነገር ናቸው። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የምንለው፣ ሙሉ ሆኖ የሚሰማው ትራሱ ጆሮሽን ዙሪያውን ከቦ አየሩን ሲዘጋ ብቻ ነው። ክዳኑ ያልገጠመ ድስት እንፋሎቱን እንደማይዝ ሁሉ፣ ጥቂት ክፍተት ካለ ግፊቱ ሾልኮ ይወጣል። ቀጭኑ ድምፅ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ያው አንዱ ሄድፎን ጓደኛሽ ላይ ሙሉ ሆኖ፣ አንቺ ላይ ሰልሎና ጮሆ ሊሰማ ይችላል። የመነጽርሽ ዘንግ፣ ሹሩባሽ፣ ትልቁ የጆሮ ጌጥሽ፣ ሁሉም ክፍተት ይከፍታሉ።

ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። አንድ ጊዜ የበገና ቅጂ ላስተካክል ተቀመጥኩ። የሄድፎኔ ትራስ አርጅቶ ቆዳው ይላጥ ነበር፤ ጥቁር ቅርፊቱ አንገቴ ላይ ይራገፋል። «ይሠራል እኮ» ብዬ ቀጠልኩ። የበገናው ድምፅ ሳሳብኝና ወፍራሙን ጨመርኩ። አሁንም ሳሳብኝ፤ አሁንም ጨመርኩ። ካሴቱ ወጥቶ በደርዳሪው ቤት ቴፕ ሲከፈት ክፍሉ በጉምጉምታ ተሞላ፤ የሰውዬው ድምፅ እታች ተውጦ ቀረ። እሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ካሴቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወደ ደጅ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራሱ ሲያረጅ ሳልቀይር ሥራ አልጀመርኩም። አንቺም ስትገዢ መለዋወጫ ትራስ የሚገኝለት መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂ።

3. ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሞክረሽ አትፍረጂ። ባለሱቁን አስፈቅደሽ ሃያ ደቂቃ ሳታወልቂ ቆዪ፤ ክፉው ሄድፎን የሚታወቀው ያኔ ነው። መጀመሪያ የሚያመው አናት ላይ፣ ቅስቱ ያረፈበት ነው። ቀጥሎ የጆሮሽ ጫፍ በሄድፎኑ ውስጥ ያለውን ጠንካራ ክፍል ሲነካ ታገኚዋለሽ፤ ትራሱ ጥልቀት ስለሌለው ነው። መነጽር ለምታደርጊው ላንቺ ደግሞ ዘንጉ ሰሪሳራሽ ላይ ሲጫን ራስ ምታት ያመጣል። አዲስ ሲሆን አጥብቆ ከያዘሽ፣ ከራስሽ ትንሽ ሰፋ ባሉ የተደራረቡ መጻሕፍት ላይ ወጥረሽ አሳድሪው፤ ይላላል። ከመጠን በላይ የላላውን ግን ማጥበቅ ይከብዳል።

ሙቀቱን አትፍሪ፤ ድፍን ነውና ያሞቃል። በየሰዓቱ አውልቂ፣ ትራሱንም በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ።

4. በምታውቂው ድምፅ ፈትኚው። ባለሱቁ የሚከፍትልሽ ዘፈን ሄድፎኑን ለማሳመር የተመረጠ ነው፤ የራስሽን በስልክሽ ይዘሽ ሂጂ። እኔ ሦስት ነገር እጠቀማለሁ።

በመጀመሪያ የሰው ንግግር። አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው። ዜና የሚያነብ ሰው ክፈቺና «ጠ»ን፣ «ጨ»ን፣ «ጸ»ን ጠብቂ። በጥሩ ሄድፎን እነዚህ ፊደላት ጠጠር ድንጋይ ላይ እንደወደቀ ቁልጭ ብለው ይሰማሉ፤ በደካማው «ጠ» ወደ «ተ» ይጠጋል። ከዚያ «ሰ»ን እና «ሸ»ን አዳምጪ። እንደ መርፌ ከወጉሽ ቀጭኑ ድምፅ በዝቷል ማለት ነው፤ ግማሽ ቀን ስትሠሪበት ይደክምሻል።

ሁለተኛው በገና ነው፤ የዓለሙ አጋን ቅጂ ያዢ። በገና 10 ክር አለው፤ በክሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የሚሏት፣ ያንን ነዛሪ ድምፅ ትሰጠዋለች። ንዝረቱና ወፍራሙ ክር ለየብቻ ከተሰሙሽ፣ የጣቱም አነሳስ ከታወቀሽ፣ ሄድፎኑ ደህና ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከቦካብሽ መልሺው። ሦስተኛው የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ነው። አንዱ ምት ቀስ እያለ ሲሞት እስከ መጨረሻው ተከተይው።

5. ስም ካልጠራሁልሽ አትለቂኝምና፣ የማውቃቸውን ሦስት ልንገርሽ። ሶኒ ኤምዲአር 7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በስቱዲዮዎች የኖረ ነው። 230 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይታጠፋል፤ መቋቋሙ 63 ኦም ስለሆነ ስልክም ያንቀሳቅሰዋል። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያደምቃል፤ ስህተት ለምትለቅም ልጅ ይህ ጥቅም ነው። የትራሱ ቆዳ ይላጣል፤ መለዋወጫው ግን አይጠፋም። ዜንሃይዘር ኤችዲ 25 እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ነው፤ ከሁሉም ይቀላል፤ ነገር ግን ጆሮ ላይ ተጭኖ አጥብቆ ስለሚይዝ ለመነጽርሽ አልመርጠውም። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ትራሱ ከፋይ ነው፤ ለምቾት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ግን አይታጠፍም፤ ባለ 250 ኦሙን ከገዛሽ ደግሞ ስልክሽ አቅም ያንሰዋልና ማጉያ ያስፈልግሻል። እኔ ላንቺ ሶኒውን እመርጣለሁ፤ ራስሽ ላይ ከገጠመ።

የታወቀ ስም ለጥፈው የሚሸጡት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ብዙ ነው። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከወረደ እጅሽን ሰብስቢ።

6. ለሥራ ባለ ገመዱን ያዢ። ብሉቱዝ ድምፁን ጥቂት ያዘገየዋል፤ ቪዲዮ ስታርሚ ከንፈርና ቃል ይለያዩብሻል። ለመንገድ ብቻ ከሆነ ይሁን።

7. አሁን የምለው ከዋጋም ከስምም ይበልጣል። ታክሲ ውስጥ ሰው ሄድፎኑን የሚያስጮኸው ሞተሩን ለማሸነፍ ነው። በደንብ የገጠመ ድፍን ሄድፎን የውጭውን ወሬና ጩኸት ይቀንስልሻል፤ ስለዚህ ዝቅ አድርገሽ መስማት ትችያለሽ። የሞተሩን ጉምጉምታ ግን ትራስ ብቻውን አይዘጋውም፤ እሱን የሚቀንሰው ጫጫታ በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፋው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5 ሰዓት ብቻ ይቀርሻል። አብረውኝ ከሠሩት ውስጥ ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ በቅጡ የማይሰሙ አሉ። የሞተ የጆሮ ሴል አይተካም፤ እባክሽ ዝቅ አድርጊው። መንገድ ስትሻገሪም አውልቂው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። የእኔን ሁለት ሄድፎኖች አውጥቼ እጠብቅሻለሁ፤ አብረን በበገናው እንፈትናቸዋለን። መነጽርሽን እንዳትረሺ።