ከዋሽንግተን የሚወጣ ሕግ ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል?

አንድ ኃያል አገር የሌላውን አገር መንግሥት የሚቀጣ፣ ተቃዋሚዎቹንም የሚደግፍ ሕግ ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ሕዝባችን ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «ሊገላግሉን ነው» ብሎ ይደሰታል፤ ገሚሱ «ሉዓላዊነታችን ተደፈረ» ብሎ ይቆጣል። ከሁለቱም ወገን ግን የሕጉን ጽሑፍ ያነበበው ጥቂት ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ሕግ በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባ በአገራችን ከታየው በመነሳት እንማማራለን።

ኤች አር 2003 ምን ነበር?

እንደሚታወቀው የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫን ተከትሎ በሰኔና በጥቅምት ወራት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሷል። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ታሰሩ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለምክር ቤት አባላት አቤት አሉ። በዚህም ምክንያት ዶናልድ ፔይን የተባሉት የኒው ጀርሲ ተወካይ «የኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት ሕግ» የተሰኘውን ረቂቅ አቀረቡ። 2003 የረቂቁ ተራ ቁጥር እንጂ ዓመተ ምሕረት አይደለም። ረቂቁ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

ረቂቁ ሦስት ነገሮችን ይዟል። አንደኛ፣ የሰብአዊ መብት ተቋማትን፣ የፍርድ ቤቶችን ነጻነት፣ የፖለቲካ ፓርቲዎችንና ሲቪክ ማኅበራትን ለማጠናከር ለሁለት ዓመት በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ እንዲተኮስ ያዘዙ ባለሥልጣናት ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ይከለክላል። ሦስተኛ፣ የፖለቲካ እስረኞች እስኪፈቱና ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎች እስኪሟሉ የጸጥታ እርዳታን ያግዳል።

ይሁን እንጂ ለሰላም ማስከበርና ለጸረ ሽብር ሥራ የሚሰጠው እርዳታ ከእገዳው ውጭ ተደርጓል። በዚያን ወቅት የኢትዮጵያ ጦር ሶማሊያ ውስጥ ነበር፤ የቡሽ አስተዳደርም ይህን ወዳጅነት ማጣት አልፈለገም። በመሆኑም ሰፊው በር ከመጀመሪያውም ክፍት ተትቷል ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ በዋሽንግተን ጉዳይ አስፈጻሚ ድርጅት ቀጥሮ ተከራከረ። ረቂቁ ሴኔት ደርሶ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ።

ቡናን የነካው ማዕቀብ

ባለሥልጣንን ከቪዛ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ንግድን መዝጋት ደግሞ ሌላ። ጅማ፣ በቾ ቦሬም ሆነ አጋሮ ለሚኖር ሰው ይህን ልዩነት ከዑጋንዳ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳው የለም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1978 በኢዲ አሚን ዙልም ምክንያት የዑጋንዳ ቡና ወደ አሜሪካ እንዳይገባ በሕግ ከለከለ። በዚያን ጊዜ ዑጋንዳ ከውጭ ንግድ ከምታገኘው ገንዘብ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የቡና ነበር፤ ከቡናውም ሲሶ ያህሉን የምትገዛው አሜሪካ ነበረች።

የሕጉ ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያ ቡናውን የሚገዛው የመንግሥት ቦርድ በመሆኑ ለገበሬው የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው፣ የቀረው የአሚን ወታደር ደመወዝ ነው የሚል ነበር። በደርግ ዘመን ቡናውን በኮታ ሲያስረክብ፣ በየኬላው ሲፈተሽ የኖረ የጅማ ገበሬ ይህን አባባል በቀላሉ ይረዳዋል። አሚን በሚያዝያ 1979 እ.ኤ.አ. ወደቀ። ነገር ግን ካምፓላን የያዙት የታንዛኒያ ጦርና አብረውት የዘመቱ ዑጋንዳውያን ናቸው። ማዕቀቡ ጉልበቱን አላልቶት ይሆናል፤ የጣለው ግን እሱ አይደለም።

ያው ዓይነት ሕግ ዛሬ ቢወጣ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር። ቡናው ከለቃሚው እስከ ጀንፈል ሰብሳቢው፣ ከአቅራቢው እስከ ላኪው በብዙ እጅ ያልፋል። የገበያው በር ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው ለቃሚው ነው።

በ2014 ዓ.ም. የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች። ያልተቆላ ቡና ያለ አጎዋም ቀረጥ ስለማይከፈልበት ውሳኔው የቡና ገበሬውን በቀጥታ አልነካውም። ዱላው ያረፈው በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ላይ ነው። ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ ገና ውሳኔው ተግባራዊ ሳይሆን የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጦርነቱን ያላዘዙት ወጣት ሠራተኞች እንጀራቸው ላይ አደጋ ተደቀነ።

የውጭ ሕግና የቤት ሕግ

ኤች አር 2003 ሴኔት ውስጥ ከቀረ በኋላ አገር ቤት ሌሎች ሕጎች ወጡ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ አገደ። ስለዚህ የአሜሪካው 20 ሚሊዮን ዶላር ቢፈቀድ እንኳ የሚቀበለው እጅ ታስሮ ነበር። በዚያው ዓመት የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ወጣ። በ2004 ዓ.ም. የታሰሩት የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት የተከሰሱት በዚህ አዋጅ ነው። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 545ቱን ያዙ።

እነዚህ አዋጆች የተሻሩት በዋሽንግተን ሕግ አይደለም። በኦሮሚያ፣ በአማራና በሌሎችም አካባቢዎች ሕዝቡ ለዓመታት ድምፁን ካሰማ፣ ብዙዎችም ሕይወታቸውን ከከፈሉ በኋላ ነው። አዲሱ የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ በ2011 ዓ.ም.፣ የጸረ ሽብሩ ምትክ በ2012 ዓ.ም. ወጡ። የአሜሪካ ምክር ቤት «ውሳኔ 128» የተባለውን መግለጫ ያሳለፈው ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለትም አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከተሰየሙ ከስምንት ቀን በኋላ ነበር፤ የማስገደድ ኃይልም አልነበረውም።

ይህ ማለት ግን በውጭ ያሉ ወገኖች ድካም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የታሳሪ ስም በሩቅ ምክር ቤት ሲነሳ አሳሪው እንደሚታይ ያውቃል። በደል የፈጸመ ሹም ልጁን የሚያስተምርበት፣ ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት አገር ሲያጣ ሐቅ ነው፤ ሸክሙ የወደቀው በባለቤቱ ላይ ነውና።

ስለዚህ ነገ ተመሳሳይ ሕግ ሲመጣ ከማጨብጨብም ከመራገምም በፊት ጽሑፉን እናንብብ። የሚቀጣው ያዘዘውን ነው ወይስ የታዘዘበትን? ለወዳጅነት ሲባል የተተወ ቀዳዳ አለው ወይ? የምንፈልገውን ፍትሕ በራሳችን ሕግ ለማስጻፍስ እኛ ምን አደረግን? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልስልን የውጭ ምክር ቤት የለም።