ክርክርና መለኪያው

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 6 የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አንድ ምሽት ሻይ እየጠጡ ስለ ኃይሉ መርጊያ ሙዚቃ ይከራከሩ ነበር።

አንደኛው፣ «የሚበልጠው በ1977 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር ያሳተመው ‹ቼ በለው› ነው፤ ብዙ እጆች እንደ አንድ እጅ ይሰሙበታል» አለ።

ሁለተኛው ግን፣ «እኔ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሳለ አኮርዲዮን ይዞ ብቻውን የሠራውን እመርጣለሁ፤ ከአገሩ የራቀ ሰው ድምፅ ነውና» ሲል መለሰ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። አንዱ ጥሎት የመጣውን ማኅበር፣ ሌላው የዛሬ ብቸኝነቱን በሙዚቃው ውስጥ ሰምቶ ኖሯል።

ስለዚህ «ይህ ይበልጣል» የሚል ተከራካሪ አስቀድሞ መለኪያውን ሊገልጽ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የሁለቱ ወጣቶች መለኪያ በምን ይለያያል? ከምንባቡ ማስረጃ በመጥቀስ አስረዱ።