ፅንስን ወደ ማሕፀን የሚያደርሰው ማን ነው? ከላቦራቶሪ አይጥ የሚገኝ ትምህርት



ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በራሱ ኃይል መንቀሳቀስ አይችልም። ይህም ሆኖ ከእንቁላል ቱቦ ተነሥቶ በጊዜው ማሕፀን ይደርሳል። እንግዲህ የሚወስደው ማን ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአይጥ ምሳሌነት ለማብራራት እንሞክራለን።

ሀ. ጉዞው

የአይጥ የእንቁላል ቱቦ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ሲሆን ቢዘረጋ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንቁላሉ በቱቦው አፍ ገብቶ፣ አምፑላ በሚባለው ሰፊ ክፍል ከወንዴው ዘር ጋር ይገናኛል። ፅንሱ በ1ኛው ቀን ባለ አንድ፣ በ2ኛው ቀን ባለ ሁለት፣ በ3ኛው ቀን ከአራት እስከ ስምንት ሕዋሳት ያሉት ይሆናል። በ4ኛው ቀን ኢስትመስ የተባለውን ጠባብ ክፍል ጨርሶ ማሕፀን ይገባል። የማሕፀን ግድግዳ ፅንስን ለመቀበል የሚዘጋጀው ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ መዘግየት እርግዝናውን ያበላሻል።

ለ. ሁለቱ አጓጓዦች

የመጀመሪያው ሲሊያ ነው፤ ይኸውም በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚወዛወዙ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላት ናቸው። ሁለተኛው ቱቦውን የከበበው ጡንቻ ነው። የትኛው ዋና ነው የሚለው ጉዳይ ብዙ አከራክሯል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት የቱቦ ሲሊያ በሌላቸው አይጦች ላይ ተካሂዶ ነበር። በነዚህ አይጦች የቱቦው አፍ እንቁላሉን መቀበል አቃተው። በቱቦው ውስጥ ያሉ ፅንሶች ግን፣ ቍጥራቸው ቢቀንስም፣ ማሕፀን መድረስ ችለዋል። ስለዚህ ሲሊያ በተለይ ለመግቢያው የግድ ሲያስፈልግ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በአብዛኛው የጡንቻው ሥራ ነው ማለት ነው።

ጡንቻውም የሚሠራው በትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደ ታወቀው፣ የሐሺሽ ንጥረ ነገር የሚያርፍበት ሲቢ1 የተባለው ተቀባይ የጎደላቸው አይጦች ብዙ ፅንሶቻቸው በቱቦው ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ፤ ምክንያቱም የጡንቻው መኰማተርና መላላት ቅንጅቱን ያጣል። ጉዞውም ቀጥታ አይደለም፤ ፅንሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፋ ነው የሚሄደው።

ሐ. ለሰው ያለው ትርጉም

በሴቶች ዘንድ ፅንስ በቱቦው ውስጥ ቀርቶ እዚያው ሊያድግ ይችላል። ቱቦው ከተቀደደ ደም በሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ካልታከመም ሕይወት ያጠፋል። ቱቦውን ያቈሰለ ኢንፌክሽንና ሲጋራ ማጨስ አደጋውን ያባብሳሉ። በአይጥ ግን ቱቦ ውስጥ የተያዘ ፅንስ እዚያው ሥር ሰዶ አያድግም። ከዚህ የምንገነዘበው፣ አይጥ የጉዞውን ሥርዓት ብታስተምረንም የበሽታውን ሙሉ መልክ እንደማታሳየን ነው። ሕክምናና ሥነ ሕይወት የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ የእንስሳ ሙከራ ውጤት ስታነቡ የት ድረስ ለሰው እንደሚሠራ አብራችሁ ጠይቁ።