ፓሲፋየሩን ማን ይተው?

አዛውንቷ በሕፃናት ክፍል ነርስነት ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ወጣቷ ጎረቤታቸው ስትሆን የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አለቻት።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ይቺ ልጅ ፓሲፋየሯን አልተውም ብላ አስቸገረችኝ። እናቴ ደግሞ ሬት ቀቢበት ትላለች።

አዛውንቷ፦ ሬቱ ይቆይ። መጀመሪያ ያንን አንገቷ ላይ ያሰርሽውን የፓሲፋየር ክር ፍቺው። ልጅ ተኝቶ ሲገላበጥ ክር ይጠመጠምበታል። የማስተዉ ነገር ቀስ ተብሎ ይደረስበታል፤ ይሄ ግን ለነገ አይባልም።

ወጣቷ፦ እየጣለችው አቧራ ሲነካብኝ ጊዜ እኮ ነው። ሬቱስ ምን አለበት? እኛንም ጡት ያስጣሉን በሬት ነው።

አዛውንቷ፦ ያኔ ታናሽ ስለተረገዘ ነበር የሚቸኮለው። አንቺን ምን አስቸኮለሽ? ከእጅሽ የተቀበለችው ነገር መራራ ሆኖ ካገኘችው፣ ነገ መድኃኒት ስትሰጫት አፏን ትዘጋብሻለች። ማር ውስጥ ንከሪው የሚልም አይጠፋም፤ እሱንም እንዳትሰሚ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል፤ ለእሷም ቢሆን ጥርሷን ማስበላት ነው። እስቲ ጥሪያት። ነይ የኔ ቆንጆ፣ ጥርስሽን ግጠሚና አሳዪኝ! አየሽ? የኋላዎቹ ገጥመዋል፣ የፊቶቹ ግን አይነካኩም። የትንሿ ጣቴ ጫፍ ይገባል።

ወጣቷ፦ እንዴ! ልብ ብዬው አላውቅም። በቃ እንዲህ ሊቀር ነው?

አዛውንቷ፦ አሁን ከተወች ብዙውን ጊዜ ራሱ እየገጠመ ይመጣል። አራት ዓመት ካለፈ ነው የሚያስቸግረው። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚም 36 ወር ካለፈ በኋላ አይቀጥል ይላል። ጆሮዋንስ ያማታል?

ወጣቷ፦ በዚህ ክረምት ተመላልሶባታል።

አዛውንቷ፦ ፓሲፋየር በሚጠቡ ልጆች ላይ የጆሮ ኢንፌክሽን በዛ ብሎ ይታያል። የእሷም ከዚያ ነው አልልሽም፣ ጉንፋኑም አለ።

ወጣቷ፦ ባላስለምዳት ይሻል ነበራ!

አዛውንቷ፦ እንደሱ አልወጣኝም። በመጀመሪያው ዓመት ሲተኙ መስጠት በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰውን ድንገተኛ ሞት ይቀንሳል ተብሎ የሕፃናት ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ጡት መጥባቱን በደንብ ከለመዱ በኋላ ማለት ነው። ያ ጊዜ ግን አልፏል። አሁን ልጠይቅሽ፤ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እሷ ራሷ ስንቴ ጠየቀችሽ?

ወጣቷ፦ ስልክ ሳወራ እኔ ነኝ የሰጠኋት። ታክሲ ውስጥም ስታለቅስ ረዳቱ ሲገላምጠኝ ጊዜ...

አዛውንቷ፦ ተያዝሽ! ያለሱ መዋል ያቃተሽ አንቺ ነሽ። በሥራ ዘመኔ ያየሁትም ይሄንኑ ነው፤ ከልጁ ይልቅ አዋቂው ይቸገራል። ስለዚህ ከራስሽ ጀምሪ፤ ሳትጠይቅ አትስጫት። ቀን ቀን ፓሲፋየሩ ከአልጋዋ አይውጣ። ካማራት እዚያው ሄዳ ትጥባ፤ ጨዋታ ሲጠራት ጥላው ትመጣለች። አፏ ውስጥ ይዛው ስታወራሽ "አውጪውና ንገሪኝ" በያት። አትቆጪያት፣ ሰው ፊትም አታሳፍሪያት።

ወጣቷ፦ የሌሊቱስ?

አዛውንቷ፦ ከባዱ እሱ ነው፤ የቀኑን ሳትጨርሺ እንዳትነኪው። ከዚያ ቀን ቁረጪና አስቀድመሽ ንገሪያት፣ በዚህ ዕድሜ ይገባቸዋል። እራት፣ ገላ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ተረት፤ ቅደም ተከተሉ አይቀያየር። ስትነቃ አጠገቧ ሆነሽ ጀርባዋን መታ መታ አድርጊላት። የተወሰኑ ሌሊቶች ማልቀሷ አይቀርም። አባቷም ይነሳ እንጂ፣ ያንቺ ብቻ ናት እንዴ?

ወጣቷ፦ አላስችል ብሎኝ ብሰጣትስ?

አዛውንቷ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሰጠሻት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካለቀሱ እንደሚገኝ አስተማርሻት ማለት ነው። ካልቆረጥሽ አትጀምሪው። አሟት ከሆነ፣ ቤት ልትቀይሩ ከሆነ፣ ወይ መዋዕለ ሕፃናት ልታስገቢያት ከሆነ አቆዪው። ደግሞ ጫፉን በመቀስ ቁረጪው የሚሉሽ አሉ። የተቆረጠ ጎማ ተቦጭቆ ጉሮሮዋ ላይ ይሰነቀራል፤ እንዳታደርጊው።

ወጣቷ፦ አንድ ነገር ቀረ። አማቴ በቦርሳቸው ትርፍ ይዘው ነው የሚዞሩት። እሁድ ሲመጡ ገና ከደጅ ነው የሚያጎርሷት። ደፍሬ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

አዛውንቷ፦ እሳቸውን ለእኔ ተያቸው፤ እኩያዬ ናቸው። እሁድ ቡናው እኔ ቤት ነው በያቸው፤ ቦርሳቸውንም ይዘው ይምጡ።