ምዕራፍ 7፦ መጀመሪያ «አቤት»

ወደ ማታ ላይ ከአየር ጤና ወደ ውስጥ በሚያስገቡት የኮልፌ ቀራንዮ መንደሮች ብታልፉ፣ እናቶች ደጅ ቆመው ልጆቻቸውን ሲጣሩ ትሰማላችሁ። በሥርዓት ያደገ ልጅ «አቤት!» ብሎ ይሮጣል። «ምን?» ካለ ቁጣ ይጠብቀዋል፤ «ወዬ» ደግሞ ለእኩያ እንጂ ለታላቅ አይባልም። እናቱ ለምን እንደጠራችው ገና አያውቅም። ዳቦ ልትሰጠው ይሆናል፣ ሱቅ ልትልከው ይሆናል። አቤት የሚለው አስቀድሞ ነው፤ ጉዳዩን የሚሰማው አጠገቧ ሲደርስ ነው።

ስለ እግዚአብሔር ጥሪ ሲነሣ ግን ብዙዎቻችን ነገሩን እንገለብጠዋለን። ወዴት እንደምንሄድ፣ ምን እንደምንሆን፣ ማን እንደሚከተለን አስቀድሞ ይነገረንና ከዚያ አቤት እንላለን ብለን እንጠብቃለን። እንዲህ እየጠበቀ ዕድሜው ያለፈ ሰው አይቻለሁ፤ እጅግ ያሳዝነኛል።

ብላቴናው ሳሙኤል ስሙ ሲጠራ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ የሮጠው ወደ አዛውንቱ ካህን ወደ ዔሊ ነበር። ድምፁን አልለየውም። ቢሆንም ዓይኑ ለደከመ ሽማግሌ ሲል በሌሊት ሦስት ጊዜ ከመኝታው የሚነሣ ልጅ ስለነበር፣ በአራተኛው ለእግዚአብሔር መነሣት አልከበደውም። የጠራው ማን እንደሆነ የነገረው ደግሞ ዔሊ ነው። ሳሙኤል ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስኪነጋ ሲመላለስ ያድር ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ብዙዎች «እዳዬ» እያሉ የሚጠሯቸው ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ግሸን መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉበት የወሎ ተራራ ነው። በዚያ ጊዜ አካባቢው በረሃብ ተመትቶ ነበር። እዳዬ መንገድ ላይ በሞተች እናቱ አጠገብ ያለ ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው የገቡት ልጆች 21 ደረሱ።

በረከት ፍለጋ ተራራ ለመውጣት ተነሥተው የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ያገኙት መንገድ ዳር ነው። «ተሳልሜ ስመለስ አየዋለሁ» ቢሉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። እኔ ብሆን ኖሮ እንደዚያ የምል ይመስለኛል።

ቤተሰባቸው ከልጆቹና ከቤቱ አንዱን ምረጪ ሲላቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ፤ ጎጆ ውስጥ ኖሩ፤ ያገኙትን እየሸጡ አበሏቸው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ታመው እስካረፉ ድረስ 40 ዓመት ያህል በዚያው ሥራ ቆዩ። ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ዋጋ ማስከፈሉ ብቻ ነገሩን ጥሪ አያደርገውም። ሰው ለእልኸም ትዳሩን ይከፍላል። የእዳዬን መንገድ የሚለየው፣ ካሳለፉት መከራ ይልቅ የሚበሉና የሚማሩ ልጆች መኖራቸው ነው። ጥሪያችሁን ስትመረምሩ «ምን አጣሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ጠገበ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያው ተራራ ሌላም ሴት ተቀብሏል። የከንቲባ ገብሩ ልጅ የውብዳር እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደች፤ በ6 ዓመቷ ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላከች፤ እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። ኋላ ለንደን ሄዳ ሙዚቃ እንድታጠና ዕድል ስታገኝ፣ መሄድ ተከለከለች። በዚህ ሐዘን 12 ቀን እህል ሳትቀምስ ቆይታ ለሞት ቀረበች። ሥጋ ወደሙ ተቀበለች፤ አገገመች፤ ከዚያም ወደ ግሸን ሄደች። በ21 ዓመቷ መነኮሰች፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባለች። 10 ዓመት በባዶ እግራቸው፣ በጭቃ ጎጆ ኖሩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ «እግዚአብሔር ፒያኖውን ዘግቶ ምንኩስናን ከፈተ» ብለን እንተወው ነበር። አላበቃም። እማሆይ በኋላ ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ መጠለያ የሌላቸውን፣ በቁራሽ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ያ የተከለከሉት ነገር ነው፤ ጣታቸው ሙዚቃውን አልረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያውን ሸክላቸውን አስቀረጹ፤ ገቢው ለችግረኞች እንዲውል ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ያ ፒያኖ በዓለም ዙሪያ ይሰማ ነበር። እንግዲህ የተዘጋባችሁ በር ካለ ቶሎ ስም አትስጡት። «ይህ ፈቃዱ አልነበረም» ለማለት ወጣቷ የውብዳር በቂ ማስረጃ ነበራት፤ የ43 ዓመቷ እማሆይ ግን አልነበራቸውም።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተከፈተው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ስም የተሰየመው ቤት ነው። አለርት ራሱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በአገራችን የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንደ ወዳጃቸው የሚያዩት ቅዱስ ገብረ ክርስቶስን ነው፤ በዓሉ ጥቅምት 14 ይውላል። ገድሉ እንደሚተርከው የንጉሥ ልጅ ሲሆን በሠርጉ ሌሊት ሁሉን ትቶ ወጣ፤ በመጨረሻ ግን ተመልሶ በገዛ አባቱ ደጅ ማንም ሳያውቀው እንደ ለማኝ ኖረ። ሩቅ የሄደው ጥሪ የአባቱ በር ላይ አደረሰው።

በአለርት ጥልፍ የሚሠሩ እናቶችን አይቻለሁ። ደዌው ነርቭ ስለሚጎዳ ጣት መርፌ ሲወጋው አይሰማውም። አንዲት እናት መርፌውን በዓይናቸው እየተከተሉ፣ ክሩን በተረፈው ጣታቸው ሥር እየያዙ፣ ቀይ አበባ ሲጠልፉ ቆሜ አየሁ። አንዱን ቅጠል ሲጨርሱ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንተው አዩት፤ አልጣማቸውም፤ ፈትተው እንደገና ጀመሩ።

አሁን ዔሊን ላንሣ። ጥሪያችሁን የሚሰማላችሁ አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ የንስሐ አባት ይሁን፣ መጋቢ ይሁን፣ በሕይወት የበሰለ ዘመድ ይሁን። ገና ሳያውቃችሁ «ጥሪህ ይህ ነው» የሚላችሁን ግን ፍሩት። ዔሊ ሳሙኤልን ያሳደገው ሰው ነበር፤ መልእክቱንም አልነገረው፤ እንዴት መስማት እንዳለበት ብቻ ነው ያሳየው።

በ24 ዓመቴ ልመንን ብዬ ተነሣሁ። እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ከያዘች 6 ወሯ ነበር። የንስሐ አባቴን ቀራንዮ መድኃኔዓለም ግቢ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ልመንን ነው።»

«ወዴት?»

«ዋልድባ።»

«እናትህስ?»

ዝም አልኩ።

«ልጄ፣ የምትሄድበትን ነገርከኝ፤ የምትሸሸውን ግን አልነገርከኝም። ፋሲካ ይለፍና እንነጋገራለን። እስከዚያ እግሯን አንተ እጠብ፣ አንተ አጉርሳት።»

ሁዳዴ ገባ። እናቴ ሌሊት በተሳሰረ አንደበቷ ስትጠራኝ መጀመሪያ ሰሞን ያልሰማሁ መስዬ እተኛ ነበር፤ እህቴ እስክትነሣ። በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ራሷ ታመመች። እናቴ ጠራችኝ።

«አቤት እማዬ» ብዬ ተነሣሁ።

ውኃ ነበር የፈለገችው።