ነጥቧ መስመር አትሻገርም

በዛሬው ትምህርታችን ድረ ገጽ መሥራት የሚጀምሩትን ሁሉ የሚያደናግር አንድ ጉዳይ እንመለከታለን። ይኸውም ከአንድ መስመር በላይ የሆነ ጽሑፍ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን መፈለግ ነው።

ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ማለት ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደምንፈልግ ለኮምፒዩተር በምልክቶች የምንነግርበት ንድፍ ነው። በዚህ ንድፍ ነጥብ (.) «ማንኛውም አንድ ፊደል ወይም ምልክት» ማለት ናት፤ ኮከብ (*) ደግሞ «ከእኔ በፊት ያለው ምንም ያህል ጊዜ ይደጋገም፣ ባይኖርም ግድ የለም» ትላለች።

እስቲ በምሳሌ እንየው። በኤችቲኤምኤል ገጽ ውስጥ አንባቢው የማያየው ማስታወሻ በ <!-- ተጀምሮ በ --> ያልቃል። እነዚህን ማስታወሻዎች በጃቫስክሪፕት ፈልገን ለማጥፋት <!--.*--> ብለን ጻፍን እንበል። ማስታወሻው ባንድ መስመር ካለቀ ይገኛል፤ ወደ ሁለተኛው መስመር ካለፈ ግን አይገኝም። ለምን? ለእኛ ባዶ ቦታ የሚመስለን የመስመር መጨረሻ ለኮምፒዩተር ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ነጥቧም ያንን ምልክት አትነካም። ልማዱ የቆየ ነው፤ እንደ ግሬፕ ያሉት የዩኒክስ መፈለጊያዎች ጽሑፍን የሚመረምሩት መስመር በመስመር ነውና።

መፍትሔው «ኤስ» የተባለችውን ፊደል ከንድፉ መዝጊያ ቀጥሎ መጨመር ነው። ጃቫስክሪፕት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቀበላታል። ከዚያ በፊት በነጥቧ ፋንታ [^] መጻፍ ይቻል ነበር፤ ዛሬም ይሠራል።

ጥንቃቄው ግን እዚህ ላይ ነው። ኮከብ ስግብግብ ናት። በገጹ ላይ ሁለት ማስታወሻዎች ካሉ ከመጀመሪያው መክፈቻ እስከ መጨረሻው መዝጊያ ትውጣለች፤ በመካከል ያለው ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስሕተት አለ ብሎ የሚነግረንም የለም! ስለዚህ ከኮከቧ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት እናድርግ፦ <!--.*?-->። ያን ጊዜ በመጀመሪያው መዝጊያ ላይ ትቆማለች።

«ኤም»ስ? ትርጉሟ «ብዙ መስመር» ስለሆነ ብዙዎች እሷን ይጨምራሉ። እሷ ግን ^ እና $ በየመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ እንዲሠሩ ታደርጋለች እንጂ ነጥቧን አትለውጥም። እንዲያውም የስልክ ቁጥር በሚመረምር ንድፍ ላይ ያለቦታዋ ከገባች፣ አንዱ መስመር ትክክል በመሆኑ ብቻ በሌላው መስመር ላይ የተጻፈው ማንኛውም ነገር አብሮ ያልፋል።

መልመጃ፦ በወረቀት ላይ አራት መስመር እንጻፍ። 1ኛውና 2ኛው አንድ ማስታወሻ፣ 3ኛው ተራ ጽሑፍ፣ 4ኛው ሌላ ማስታወሻ ይሁን። ንድፋችን ያለ «ኤስ»፣ ከ«ኤስ» ጋር፣ በመጨረሻም «ኤስ»ንና የጥያቄ ምልክቷን ይዞ የሚያገኘውን በእርሳስ እናስምር። ኮምፒዩተሩ ጋ ከመሄዳችን በፊት መልሱን ካወቅነው ትምህርቱ ገብቶናል ማለት ነው።